ፎቶ ያልገባለት የአባት ካርድ

ሰኔ 18 ቀን ጠዋት በእትዬ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርድ በጅምር ተቀምጦ ነበር። የእጅ መዳፍ የሚያክል ወፍራም ካርቶን ነው። የልጅ ጣት እንዳይወጋ ማዕዘኖቹ ክብ ተደርገው ተቆርጠዋል፤ በላዩ የለበሰው ላስቲክ ዳር ዳሩን በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ከላይ በኩል ብቻ ስፌቱ አልተዘጋም፤ ፎቶው የሚገባው በዚያ በኩል ነበርና። መርፌው እዚያው ተሰክቷል፣ ክሩ ተንጠልጥሏል፣ መቀሱ ተዘግቶ አጠገቡ ተጋድሟል። የካርዱ ሠሪ ግን ከአልጋዋ አልተነሳችም። የመጣው ሐኪም "ልቧ ነው፤ በእንቅልፏ ነው ያረፈችው" አለ። እንቅልፍ እንደ እሷ ያስቸገረው ሰው ስላልነበረ፣ ይህን የሰሙ ጎረቤቶች ቢያንስ እሱን አገኘች ብለው ተጽናኑ።

ካርዱ የሚጢጢ ነበር። ሚጢጢ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ የአንድ ሃምሳ አለቃ ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አፏን ያልፈታች ልጅ። ካርዱ እንዴት በጅምር እንደቀረ ለማወቅ ግን ከእትዬ ቦርሳ መጀመር ያስፈልጋል።

በምትሠራበት የጦር ካምፕ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። ለሌላው ሁሉ እትዬ ቦርሳ ናት። ትከሻዋን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ትልቅ ቦርሳ ሳታነግት ያያት ሰው የለም። ቦርሳው ውስጥ የእንጨት ኩቦች፣ ኳስ፣ ኩባያና ማንኪያ፣ አንድ ዓይኗ የወለቀ አሻንጉሊት፣ የሳሙና አረፋ የሚነፋበት ብልቃጥ አሉ። ሥራዋ ከቤት ቤት መዞር ነው። ከወታደሮቹ ልጆች መካከል ሦስት ዓመት ያልሞላቸው፣ መናገር ወይም መሄድ ወይም የሰው ዓይን ማየት የዘገየባቸው ካሉ ትፈልጋቸዋለች፤ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አብራቸው ትጫወታለች፤ እናትየዋንም እንዴት እንደምትጫወት ታሳያታለች።

"እትዬ፣ ዛሬም ሲጫወቱ ዋሉ፤ ለዚህም ደሞዝ ይከፍሉዎታል?" ይላት ነበር የበሩ ጠባቂ።

"አዎ፤ ስሸነፍ ደግሞ ጨመር ያደርጉልኛል።"

ቀልድ ታውቃለች፤ ጭንቀቷ ግን ከቀልዷ ይበልጥ ነበር። በሯን ዘግታ መንገድ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ትሞክራለች። ስልክ ዘግታ እንደገና ትደውልና "አሁን የነገርኩሽን ሰምተሽኛል አይደል?" ትላለች። እርሳስ ሁለት፣ ቁልፍ ሁለት፣ ጃንጥላ ሁለት ትይዛለች። ለምን ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ "ለማንኛውም።" ጠባቂው በበሩ ባለፈች ቁጥር ገና እጇን ወደ ዚፑ ሳትሰድ "ተዘግቷል እትዬ! ቦርሳው ተዘግቷል!" ብሎ ይጮህላታል። እሷም ታመሰግነውና ለማንኛውም ትነካዋለች።

ጭንቀቱ ከልጅነቷ የመጣ ነው። አባቷ ወታደር ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጆሮው አይሰማም። በአንዱ ካምፕ አንዲት ነርስ ልጁን በምልክት ማስተማር ስትጀምር ዝውውር ይመጣል። አዲሱ ካምፕ ሲደርሱ "ስሙ እዚህ የለም፤ ተመዝግቦ ይጠብቅ" ይባላሉ። ተራው ሊደርስ ሲል እንደገና ዝውውር። ወንድሟ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተ ክፍል ሲገባ እኩዮቹ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ እሱ ግን ጉልበቶቹ ከሕፃናት ዴስክ በላይ ወጥተው ገና ፊደል ቆጠረ። ክፍሉ ድረስ ያደረሰችው እህቱ ናት። እነዚያ ጉልበቶች ከዓይኗ አልጠፉም። ኮሌጅ ስትገባ ምን ልማር ብላ አላመነታችም። ወንድሟ አድጎ በካምፑ አቅራቢያ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ሥራውም ጥሩ ሆነለት፤ እሷ ግን ከዚያ ዴስክ አጠገብ የተነሳች አይመስልም።

ደግሞ የሚያስጨንቅ ደንብ ነበረ። ድጋፍ ያስፈልገዋል ብሎ ገምጋሚ የፈረመለት ልጅ፣ አባቱ ሲዛወር ቦታውን ይዞ ይሄዳል። በአዲሱ ካምፕ የምትቀበለው መምህርት አለችው፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው ልዩ ፍላጎት ክፍል ወዳለው ትምህርት ቤት ታሻግረዋለች። ያልተፈረመለት ግን ከወረፋው ጭራ ይቆማል። ሦስት ዓመቱ ወረፋ ላይ እንዳለ ከሞላ የሕፃናቱ ድጋፍ ይዘጋበታል፤ ትምህርት ቤቱም አያውቀውም። ባጭሩ የወንድሟ ጉልበቶች ይደገማሉ ማለት ነው።

ሚጢጢን ያገኘቻት ጎረቤት ጠቁሟት ነው። ልጅቷ የድስት ክዳን ወለል ላይ እያሾረች ቀኑን ሙሉ ትውል ነበር። ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም። ውሃ ሲጠማት የእናቷን እጅ አንስታ እንደ ዕቃ ማሰሮው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ፊቷን ግን አታያትም። እትዬ ቦርሳ ካርዶች ሠራችላት፦ ውሃ፣ ዳቦ፣ ኳስ፣ ውጪ፣ እማዬ፣ አባዬ። ካርዱን ስትሰጥ የፈለገችውን ታገኛለች፤ ጨዋታው ይኸው ነው። ሚጢጢ መጀመሪያ የውሃውን ካርድ እናቷ መዳፍ ላይ ያስቀመጠች ዕለት፣ እናት ደንግጣ ውሃውን ጉልበቷ ላይ ደፋችው።

"ጠየቀችኝ! እትዬ፣ እኔን ጠየቀችኝ!"

"ታዲያ ስጫት እንጂ ምን ታለቅሻለሽ? ውሃ ነው ያለችሽ፣ እንባ አላለችም።"

አባዬ በሚለው ካርድ ላይ ያለው ፎቶ፣ ሃምሳ አለቃው መለዮውን አድርጎ፣ የደንብ ልብሱን ግጥም አድርጎ የተነሳው ነበር። ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ፎቶዎች መልኩ በደንብ የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው የተመረጠው።

ግንቦት ሲጋመስ የዝውውር ትእዛዝ መጣ። የሃምሳ አለቃው ክፍል በሰኔ ማብቂያ ላይ ወደ ሩቅ ካምፕ ይሄዳል። እትዬ ቦርሳ ስልክ ላይ ተሰቀለች፤ ለምና፣ ነዝንዛ፣ ከከተማው ቢሮ የገምጋሚ ቀጠሮ አገኘች። ወደ ሚጢጢ ቤት ሮጠች።

"ሐሙስ ገምጋሚዋ ትመጣለች፤ ሚጢጢን ታያታለች። በዕቃዎቹ እንዳትደነግጥባት ቦርሳዬን እዚህ ልተውላት።"

"አያስቡ እትዬ" አለ ሃምሳ አለቃው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። "ሐሙስ ሁሉም ዝግጁ ይሆናል።"

እሷም ቦርሳው ያለበትን ቦታ፣ የገምጋሚዋን ሰዓት፣ የአውቶቡሱን ፌርማታ ደጋግማ ተናግራ ወጣች። ሁሉን አስታውሳ አንዱን ረሳች። ወታደር ቤት ገብታ "ሊያይ የሚመጣ ሰው አለ" ብላለች። በካምፕ ሊያይ የሚመጣ ሰው ካለ ምን እንደሚደረግ፣ በልጅነቷ ጄኔራል በመጣ ቁጥር ድንጋይ ቀለም ስትቀባ ያደገችው እሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ገምጋሚዋ የምትፈልገው የልጅቷን ክፉ ቀን እንጂ የሰልፍ ቀኗን እንዳልሆነ ግን አልነገረቻቸውም። የሚነገር ነገር መሆኑም አልታያትም።

ሐሙስ ከገምጋሚዋ ጋር ደጃፍ ስትደርስ እግሯ ቀጥ አለ። ከአጥሩ እስከ በሩ ያሉት ድንጋዮች ነጭ ቀለም ተቀብተዋል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሃምሳ አለቃው እንደ መስታወት ፊት በሚያሳይ ጫማ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሚስቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ እጆቿን አቆላልፋለች። ሚጢጢ በምንጣፉ መሃል ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ ተጎንጉኗል፣ ካልሲዋ ነጭ ነው፣ የድስት ክዳኑ የለም።

"ክዳኑስ?" አለች እትዬ ቦርሳ በሹክሹክታ።

"ደበቅነው" አለች እናት፣ ፊቷ እየፈካ።

ገምጋሚዋ ወጣት ናት፤ ትሁት፣ ፈጣን፣ የምትደርስባቸው ብዙ ቤቶች ያሏት። ኩቦቹን አወጣች። ሚጢጢ አንዱን ባንዱ ላይ ደረደረች። እጇን ዘረጋችላት፤ ሚጢጢ ኳሱን ሰጠች። አሻንጉሊቷን አሳየቻት፤ ሚጢጢ አስተኛቻት። ዕቃዎቹ ከቦርሳው የሚወጡበት ቅደም ተከተል ደጋግመው እንደተለማመዱት ነበር። እያንዳንዱ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ አባቷ ኪስ ታያለች፤ ኪሱ ውስጥ ብስኩት አለ። ገምጋሚዋ "ሚጢጢ!" ብላ ስትጠራ፣ ከገምጋሚዋ ጀርባ የቆመው ሃምሳ አለቃ ጣቱን ቀጭ አደረገ። ልጅቷ ዞር አለች።

እትዬ ቦርሳ አየች። አፏን ስትከፍት ግን ዓይኗ ከእናትየዋ ዓይን ጋር ተጋጨ። እንዲያ ያለ ኩራት በዚያች ሴት ፊት ላይ አይታ አታውቅም። ይህን ፊት እንዴት አድርጋ ታጠልሸው? አፏን መልሳ ዘጋችው።

"ጎበዝ ልጅ!" አለች ገምጋሚዋ። "ንግግሯ ትንሽ ዘግይቷል እንጂ ትከታተላለች፣ ትታዘዛለች። ለአሁኑ ድጋፍ አያስፈልጋትም።"

ሃምሳ አለቃው ተረከዙን አጋጨ። "እናመሰግናለን!"

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ እትዬ ቦርሳ አንደበቷ ተፈታ። "እህቴ፣ ያየሽው ልምምድ ነው። ልጅቷን አላየሻትም።"

"እትዬ፣ እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያላየሁትን ልጻፍ?"

"አትጻፊ። ተመልሰሽ እዪ።"

"ወላጆቿ አልተስማማንም፣ ይደገም ብለው ከፈረሙ ነገውኑ እመጣለሁ። እርስዎ ግን ሊፈርሙ አይችሉም።" ከዚያ ፊቷን ዝቅ አድርጋ "ለምን እዚያው አልነገሩኝም?" አለቻት።

እትዬ ቦርሳ የተዘጋውን ዚፕ ነካች። አውቶቡሱ መጣ።

በማግስቱ ስትሄድ ሃምሳ አለቃው ሣጥን በገመድ እያሰረ ነበር።

"ሃምሳ አለቃ፣ ግምገማው ይደገም ብለህ ፈርምልኝ።"

ሳቀ። "እትዬ፣ ቁጥጥር አልፎ ይደገምልኝ ብሎ የሚያመለክት ወታደር አይተው ያውቃሉ? ጭንቅላቱን ይመርመር ነው የሚሉት።"

"ይሄ ቁጥጥር አይደለም።"

"ሴትዮዋ ወረቀት ይዛ መጣች፣ ዞር ዞር ብላ አየች፣ ደህና ነው አለች። ይሄ ቁጥጥር ካልሆነ ምኑ ነው ቁጥጥር?"

"ልጅቷ እኮ አላለፈችም። ያለፍከው አንተ ነህ።"

ገመዱ እጁ ላይ ቆመ። ሚስቱ ወደ ጓዳ ገባች። ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጁ ችግር አለበት የተባለ ሰው ኮርስ አይላክም፣ ሩቅ ጣቢያ አይመደብም ይባላል። ሹመቴ አፍንጫዬ ሥር ደርሷል" አለ።

"ማነው ያለው?"

"ሰው ነዋ።"

"ስንት ዘመን በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ የተደረገ ሰው አላየሁም።"

"ያላዩት ስላልነገሩዎት ይሆናላ።"

ይህም ሊሆን ይችላል። እትዬ ቦርሳ የማታውቀውን አውቃለሁ የምትል ሴት ስላልነበረች ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ሽንፈት ቆጠረውና ገመዱን መሳብ ቀጠለ።

እናትየዋ እስከ አጥሩ ተከትላት ወጣች። በተቀባው ድንጋይ አጠገብ ቆመው፣ "እትዬ፣ ብስኩት ካላየች ኩቡን አትነካውም። ትናንት ማታ እጇን ነከሰች፤ ስሟንም ስጠራት ያው ነው" አለቻት።

"ለባልሽ ንገሪው እንጂ፣ የኔ ልጅ።"

"በምን አፌ? ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ያያታል እኮ።"

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእትዬ ቦርሳ ምጥ ሆኑ። ምክንያት እየፈጠረች በዚያ ቤት በኩል ታልፋለች፤ ባለፈች ቁጥር የታሰረው ሣጥን በዝቶ፣ ግድግዳው ላይ የነበረው ዕቃ አንሶ ታገኘዋለች። አንድ ቀን መጋረጃውም ወርዶ ጠበቃት። የሌሎች ልጆች ቤት ገብታም ኩብ እየደረደረች ሐሳቧ እዚያ ነው። "ዛሬስ ማንን ነው የሚያስቡት?" ሲሏት "ኧረ ማንንም" ትላለች። ብትናገር ኖሮ፤ ያን ቀን ፌርማታው ላይ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ ብትናገር ኖሮ። ይህንኑ እያላመጠች ትውላለች።

የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ የሃምሳ አለቃው ክፍል መኪኖች ከመስክ የሚመለሱበት ቀን ነበር። ቤተሰቦች እንደ ልማዳቸው በር ላይ ተሰብስበዋል። እትዬ ቦርሳም አለች። ሚጢጢ ካርዶቿ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥለዋል። የመኪኖቹ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ ጣቷን በካርዶቹ መሃል አስገብታ አንዱን ፈልቅቃ አወጣች። የአባዬን ካርድ።

"እትዬ!" እናት ክንዷን ጨመደደቻት። "አባቷን! አባቷን ፈለገች!"

እትዬ ቦርሳ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሚጢጢ በራሷ ሰው ፈልጋ አታውቅም ነበር፤ እስከዚያ ቀን የጠየቀችው ሁሉ የሚበላና የሚጠጣ ነው።

የመጀመሪያው መኪና ቆመ። የመጀመሪያው ወታደር ዘሎ ወረደ። ሚጢጢ ሮጣ ካርዱን ሰጠችው።

"እኔን? እኔ ነኝ አባትሽ?" አለና ካርዱን መልሶላት ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "ኧረ ጉድ፣ እናቷ ሰምታለች?"

ሳቅ ሆነ። ሚጢጢ ለሁለተኛው ሰጠች። እሱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጣትና አለፈ። ሦስተኛው ራሷን ዳበሳት። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት መለዮ። ካርዱን ትሰጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ይመለስላታል፤ ከንፈሯ መጣመም ጀመረ። ሳቁ ግን ቀጥሏል፤ ጨዋታ መስሏቸዋል።

ሃምሳ አለቃው የወረደው በመጨረሻ ነው። መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ከሥሩ ሲገባ ሲወጣ ስለነበር ኮቱን አውልቆ፣ ዘይት በጠጣ ካናቴራ ነው። "ሚጢጢዬ!" ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ በርከክ አለ።

ልጅቷ በዘረጋው ክንድ ሥር አልፋ ከኋላው ለቆመው ወታደር ካርዱን ሰጠች።

ሳቁ ጠፋ። ሃምሳ አለቃው እጆቹን እንደዘረጋ ቆየ። ከዚያ ከሱሪው ኪስ መለዮውን አወጣ፤ ቀስ ብሎ ራሱ ላይ አደረገውና ዞረ። ሚጢጢ መጥታ ካርዱን መዳፉ ላይ አስቀመጠች። መለዮውን አወለቀ። ካርዱን መልሳ ወሰደችበት።

ሃምሳ አለቃው ብድግ አለ፤ ጉልበቱን እንኳ አላራገፈም። ወደ እትዬ ቦርሳ መጣ።

"የት ላይ ነው የሚፈረመው?"

ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ቅጂ፣ ለማንኛውም። በመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ ፈረመ፤ እናትም ፈረመች።

"እትዬ" አለ ወረቀቱን ሲመልስላት፣ "ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ ይቀይሩልኝ።"

"ያለ ደንብ ልብስ የተነሳኸው አለህ?"

ብዙ አሰበ። "ከተቀጠርኩ ወዲህ የለኝም።"

"እንግዲያው ሄደህ ተነሳ። ወንድሜ ፎቶ ቤት አለው። አይሰማም፤ መጮህ አያስፈልግህም።"

ገምጋሚዋ ቃሏን ጠብቃ ተመልሳ መጣች። ያን ጠዋት እትዬ ቦርሳ ቀድማ ደርሳ ጠባቂ ሆና ቆመች።

"ምን እናዘጋጅ?" አለ ሃምሳ አለቃው።

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ምንም ማለት ምንም። ክዳኑን አምጡላት። ኪስህን ባዶ አድርግ።"

"ሰሃኑን እንኳ ልጠብ እትዬ፣ ትታዘበኛለች" አለች እናት።

"አትንኪው! ሰሃኑንም፣ ጸጉሯንም አትንኪው።"

የሁለቱን ሰዎች እጅ አስሮ ማቆም እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም። ገምጋሚዋ ኩቦቹን ስታወጣ ሚጢጢ በእግሯ በተነቻቸው። ኳሱን አላየችውም። አሻንጉሊቷ ስትመጣ ጮኸች፤ ጩኸቷ ከጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፤ ከዚያ ክዳኗን ይዛ ጥግ ገብታ ማሾር ጀመረች። "ሚጢጢ!" ገምጋሚዋ ጠራች። ክዳኑ ይሾራል። "ሚጢጢ!" ጓዳው በር ላይ የቆመው አባት ፊቱ ወርዷል፤ እጁ ሳያዝዘው ጣቶቹ ሊቀጩ ተነሱ። እትዬ ቦርሳ ጣቶቹን በጭብጧ ያዘቻቸው።

እናት ለባሏ ያልነገረችውን ሁሉ ተናገረች፦ ሚጢጢ እጇን መንከሷን፣ እንቅልፍ ማጣቷን፣ በር ክፍት ካገኘች ወደ አስፋልቱ መሮጧን። ሃምሳ አለቃው አንዳንዱን ሲሰማ መጀመሪያው ነበር። በመሃል ሚጢጢ ክዳኑን ጥላ ተነሳች፤ የውሃውን ካርድ አንስታ ለእናቷ ሰጠች። እናት እያለቀሰች ውሃ ቀዳች። ገምጋሚዋ እስክሪብቶዋን አቆመች።

"ያን ሐሙስ ይሄን ለምን አላየሁትም?"

"ሐሙስ ያዩት እኔን ነው" አለ ሃምሳ አለቃው።

ገምጋሚዋ እዚያው ፈረመች፤ የቢሮው ማጽደቅ ግን ይጠበቃል። መኪናው የሚነሳበት ቀን እየቀረበ፣ ስልኩ ዝም እንዳለ ሰነበተ። እትዬ ቦርሳ ስልኳን ገላዋን ስትታጠብ እንኳ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ደረቷን ጨምድዶ የሚለቃት ነገር ነበረ፤ ጭንቀት ነው ብላ ናቀችው። በሕይወቷ ጭንቀት ያልሆነ ነገር ስለማታውቅ ሊሆን ይችላል።

ሰኔ 17 ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። በአዲሱ ካምፕ ያለችው መምህርት ናት።

"የልጅቷ ፋይል ደርሶናል። ቦታዋ ተይዟል፤ ሰኞ ይምጡ።"

"ተይዟል አልሽኝ?"

"ተይዟል።"

"እስቲ ስሟን አንብቢልኝ።" ተነበበላት። "የአባቷንም።" ተነበበላት። "ካርዶች አሏት፤ አብረዋት ይመጣሉ። አንዱ ብቻ ቀርቷል፤ ዛሬ እጨርሰዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ለማንኛውም ነው።"

መምህርቷ ሳቀች። እትዬ ቦርሳ ስልኩን ዘግታ እንደገና አልደወለችም። ጠባቂው እንደሚለው ከሆነ በዚያ ቀን በበሩ ስትወጣ፣ እሱ ከመጮኹ በፊት ዚፑን ሳትነካ አልፋ ሄዳለች፤ ደንግጦ ተከትሏት "እትዬ፣ ደህና ነዎት?" ብሏታል። "ደህና ነኝ፤ ፎቶ ላመጣ ነው" አለችው።

ፎቶ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ወንድሟ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ስትገባ አያትና በእጁ፣ ቁጭ በይ፣ ገርጥተሻል አላት። ደረጃው ነው አለችው በእጇ። ሁለቱ የሚነጋገሩት ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በልጅነታቸው ራሳቸው በፈጠሩት ምልክት ነበር፤ ሌላ መስማት የተሳነው ሰው እንኳ ግማሹን አይረዳውም።

ሃምሳ አለቃውን እንዴት እንዳነሳው በእጁም በፊቱም አጫወታት። ሰውዬው የተዋሰው ሸሚዝ አንገቱን አንቆት፣ ካሜራው ፊት አገጩን ቀጥ አድርጎ እንደ ሐውልት ተቀመጠ። ፈታ በል ቢለው አልገባውም። በመጨረሻ ፎቶ አንሺው ሄዶ ሁለቱን ጉንጮቹን በጣቱ ይዞ ጎተታቸው፤ ሃምሳ አለቃው በሳቅ ፈረሰ፤ ያኔ ቀጭ። ፎቶውን አወጣላት። መለዮ የሌለበት ራስ፣ የተከፈተ ኮሌታ፣ በሳቅ የጠበቡ ዓይኖች። በበሩ ከሚወርዱት ወታደሮች አንዱንም አይመስልም።

እትዬ ቦርሳ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን አነሳችና ሁለተኛ ቅጂ ልትጠይቅ ስትል ወንድሟ ቀደማት። ከመሳቢያው ሌላውን አወጣና ኪሱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። በልጅነታቸው ለ"ለማንኛውም" የፈጠሩት ምልክት ነው። ስቃ አንዱን ወሰደች። ሌላው እዚህ ይቀመጥ፣ የሃምሳ አለቃው ሚስት ነገ ገመድ ልትገዛ ስትወጣ በዚህ ታልፋለች፣ ስጣት አለችው። እሺ አላት። ፎቶውን በወረቀት ጠቅልላ ከኩቦቹ በላይ፣ እንዳይታጠፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፤ ዚፑን ሳበች።

ደረጃውን ወርዳ መንገዱ ላይ ከደረሰች በኋላ ቆመች። ቀና ብላ ወደ ፎቶ ቤቱ መስኮት አየች፤ ወንድሟ እዚያ ቆሟል። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየና አውራ ጣቱን አነሳላት። ተዘግቷል። ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ መልሳ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የጀመረችውን ካርድ ልትጨርስ ወደ ቤቷ ሄደች።